ደብዳቤ የመጣላቸው እንግዶች

እናቴን ለበጎ ፈቃደኞች አሳልፌ የሰጠኋት እኔው ነኝ። ክፋት አስቤ አልነበረም። ሮሐ ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣውን ብዬ መገላገል ልማዴ ነው።

አሰላ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አትክልተኛ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ አባቴ ሀብተ ማርያም አረፈ፤ የእኔም ትምህርት እዚያው ላይ ቆመ። እንደሻው ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ምን ታይቶት እንደ ነበር አላውቅም፤ እንደሻኝ ተናግሬ የማውቅበት ቀን የለም።

በጥቅምት መጨረሻ የማኅበረሰብ ልማት ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት የበጎ ፈቃድ ልምምድ ገጠር እንዲወርዱ ታዘዘ። የታዘዘ ነገር እንዴት በጎ ፈቃድ እንደሚባል አልገባኝም፤ ግን ነጥብ ነበረው። አሥራ ሁለት ሆነው ተቧደኑና ሮሐን አለቃ አደረጓት። ሮሐ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ደግ፣ ማስታወሻ ደብተር ከእጇ የማይለይ። አንድ ቀን ጽጌረዳ ስከረክም መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እንደሻው፣ አንተ የገጠር ልጅ ነህ አይደል?»

«አዎ። የዲክሲስ።»

«እዚያ ችግረኛ ታውቃለህ? ማለቴ… እርዳታ የሚያስፈልጋቸው አረጋዊ?»

«እናቴ አለች» አልኩ።

ወዲያው ጻፈችው። እናቴ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ወ/ሮ ተናኘወርቅ፣ አረጋዊት፣ ባል የሞተባቸው» ሆና ደብተሩ ውስጥ ገባች።

ውሸት አልነበረም። የእናቴ ስንዴ ደርሷል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማሳውን በኮምባይነር አሳጭዶ ጨርሷል፤ የእናቴ መሬት ግን ገደል አፋፍ ላይ የተንጋደደ ስለሆነ ኮምባይነር አይወጣውም፤ በማጭድ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ኮምባይነር ከለመደ ወዲህ ማጭድ የት እንዳስቀመጠ ረስቷል። አሥራ ሁለት ወጣት በአንድ ቀን ያጭድላታል ብዬ አሰብኩ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት።

«ስንት ናቸው?» አለች እናቴ።

«አሥራ ሁለት። መምህራቸው ሲጨመሩ አሥራ ሦስት።»

«ሙስሊም አለባቸው?»

«አራት።»

«እንግዲያው ሁለቱም መታረዳቸው ነው።»

ሁለቱም ያለችው በጎቿን ነው። ያሏት እነሱው ሁለቱ ናቸው። በእኛ አገር ድግስ ሲደገስ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ ይታረዳል፤ የሙስሊሙን ጎረቤታችን ኦቦ ሀሰኖ ያርዳሉ። እነዚህን በጎች ደግሞ እናቴ ያሳደገቻቸው ለአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ነበር። ቀኑ ጥር ላይ ነው። የሙት ዓመቱን በንፍሮ ብቻ ስላወጣነው እናቴ እስከ ዛሬ ታፍራለች፤ «ሰባት ዓመቱን ግን እንደ ሰው» ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች።

«እማዬ፣ በጎቹ የአባዬ ናቸው እኮ!»

«ታዲያ ደቦ የመጣልኝን ሰው በባዶ ሆዱ ላሳጭደው? አባትህ በሕይወት ቢኖር ይፈቅድልኝ ነበር?»

«የራሳቸውን ምግብ ይዘው ነው የሚመጡት። ብስኩት አላቸው።»



«እንደሻው፣ አሁን ያልከውን አጠገብህ ሰው ሰምቷል?»

«አልሰማም።»

«እሰይ። ደግመህ እንዳትናገረው።»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለአባትህ… እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል። ዳግመኛ ንፍሮ እንቀቅላለና።»

ስልኩን ስዘጋ ቧንቧው ጽጌረዳውን አጥለቅልቆት ነበር። መምህር ይስሃቅን ማናገር እንዳለብኝ ገባኝ። መምህር ይስሃቅ ጉዞውን የሚመሩት ናቸው፤ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። በቀን ሦስት ጊዜ በጽጌረዳው አጠገብ ያልፋሉ። በቀን ሦስት ጊዜ «እንደምን ዋሉ መምህር» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ደኅና» ብለው ያልፋሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚያ አላለፍኩም።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። ጉዞው ማክሰኞ ኅዳር 10 ነው፤ በ15 የነቢያት ጾም ይገባል። አምስት ቀን ብቻ ቢዘገይ እናቴ በግ አታርድም። ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ የማይዘገይ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፈተና ይዘገያል፣ ምረቃ ይዘገያል፣ የእኔ የሥራ ልብስ ሁለት ዓመት ዘግይቷል። ይህ ግን አልዘገየም። ከሁሉ አስቀድሞ ቲሸርት ታተመ፤ ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ቀኑ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ማን ይንካው?

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አዳራሹ በመስኮት በኩል ይታየኛል። «የማኅበረሰብ አቀራረብ መመሪያ» የሚል ጥራዝ ታደለ። ቁጥር አንድ ስለ ሰላምታ ነው፤ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል ይላል። ቁጥር አራት፣ «ከማኅበረሰቡ ምግብም ሆነ መጠጥ መቀበል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሸክም ይሆናልና» ይላል። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስለ ማጭድ አያያዝ በስላይድ ተማሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሚፍታ የሮቤ ገበሬ ልጅ ነው። ሲወጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በኦሮምኛ ሳቀልኝ።

«ማጭድ የያዝኩት የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ነው፤ ዛሬ ግን በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ተማርኩ።»

«ለምን አትነግራቸውም?»

«አንተስ ለምን አትነግራቸውም?» አለኝ። ስለ በጎቹ ነግሬው ነበር። «እኔ ብናገር ነጥቤን አጣለሁ። አንተ ምን ታጣለህ?»

አረም መንቀል ጀመርኩ።

ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀር መምህር ይስሃቅ ተማሪዎቹን ሣሩ ላይ አስቀምጠው «ተግባራዊ ልምምድ» አሉ። ገበሬ ይሆናል የተባለው ተማሪ በጉንፋን ቀርቷል።

«እንደሻው!» ብለው ተጣሩ። «ቧንቧውን ዝጋና ና። ለአንድ አፍታ ገበሬ ትሆንልናለህ።»

ገበሬ ነኝ እኮ፣ ልላቸው ነበር። ዘጋሁና ሄድኩ።

«እንዲያውም እናት ሁን» አሉ። «አረጋዊት እናት።»

ሮሐ ሻርፗን አውልቃ አከናነበችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሻርፑ ፊቴን ሲጋርደው አንድ ነገር ሆንኩ። ማንም አያየኝም። እንደሻውም እዚያ የለም።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አልኩ። ድምፁ የእናቴ ነበር።

ሮሐ በመመሪያው መሠረት ጎንበስ አለች። «እንደምን ዋሉ እናቴ። እኛ ከኮሌጅ የመጣን በጎ ፈቃደኞች ነን። ዓላማችንም…»

«ዓላማሽ ይቆይ። ከብቱ ደኅና ነው?»

«ከብት?» አለች ግራ ገብቷት። «ከብት የለንም።»

«ውይ! አለቀባችሁ? እግዚአብሔር ይተካላችሁ። በሉ ግቡ፣ ቁጭ በሉ። በግ አርጄላችኋለሁ።»

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮሐ መመሪያውን ገለጠች። «በጣም እናመሰግናለን እናቴ፤ ደንባችን ግን ምግብ መቀበል አይፈቅድም።»

«ታርዷል እኮ ልጄ። ተመልሶ አይነሣም።»

«ደንባችን ግን…»

«ለባሌ ተዝካር ያሳደግኩት ነበር። ለእናንተ ብዬ አረድኩት። አሁን ካልበላችሁልኝ ባሌንም እንግዳዬንም አጣሁ። ቤቴ ገብቶ ማዕዴን የናቀ ሰው ስንዴዬን አይነካም። ሂዱ!»

ሳቁ ቆመ። «ሂዱ» ያልኩት እጄን ዘርግቼ ነበር። ሮሐ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች።

መምህር ይስሃቅ አጨበጨቡ። «ግሩም! አንተ ተዋናይ ነህ እኮ!» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «አሁን ያያችሁት የማኅበረሰብ ተቃውሞ ይባላል። ሮሐ በደንቡ ጸንታለች፤ ሙሉ ነጥብ።»

ሻርፑን አወለቅኩ። ተማሪዎቹ ሲበታተኑ መሬት መሬት እያየሁ፣ «መምህር» አልኩ፤ «እናቴ እውነት ልታርድ ነው።»

«ምን አልክ?»

«በጎቹን። ሁለት ናቸው። ለአባቴ ተዝካር የተቀመጡ።»

ቁም ነገር አድርገው ሰሙኝ፤ ይህን አልክድም። ግንባራቸውን አሹ። «ሸክም መሆን የለብንም። ደግ አደረግህ የነገርከኝ። ታዲያ ይህ ቀላል ነው፤ በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

ደብዳቤው በማግሥቱ ወጣ። በኦሮምኛ የጻፈው ሚፍታ ነው፤ አነበብኩት፣ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። «ተማሪዎቻችን በሚመጡበት ዕለት ማኅበረሰቡ ምንም ዓይነት ዝግጅት እንዳያደርግ፣ ምግብና መጠጥ እንዳያቀርብ፣ ከብትም እንዳያርድ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ታች ክብ ማኅተም አለው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልቀለለኝ ልቤ በዚያ ቀን ቀለለ። በቃ፣ ተናገርኩ፤ ተሰማሁ።

ቅዳሜ እናቴ ደወለች።

«አንተ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነው የምታመጣብኝ?»

«ምነው?»

«ደብዳቤ መጣላቸው እኮ! የቀበሌው ኢብሳ ሰው ሰብስቦ ቆሞ አነበበው። ክብ ማኅተም አለበት ይላሉ።»

«ታዲያ አታርዱ አይደል የሚለው?»

«እሱንማ ይላል። ልጄ፣ ተራ እንግዳ ‹አትድከሙልኝ› ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል? እንዲህ የሚለው ትልቅ ሰው ነው። ኦቦ ሀሰኖም ይህንኑ አሉ። ከወረዳ ሲመጡ እንኳ ደብዳቤ ቀድሟቸው አያውቅም አሉ።»

«እማዬ፣ አትረጂ ማለት አትረጂ ማለት ነው!»

«አንተ ከተማ ገብተህ ይሉኝታ ጠፋብህ» አለች። «ደግሞ አገሩ ሁሉ አፍሯል። ባለ ማኅተም እንግዳ መጥቶ የባልቴት ስንዴ ቆሞ ሊያይ ነው? ‹እዚህ አገር ሰው የለም ወይ› ሊባል? ኢብሳ ማጭድ እያስሳለ ነው። በሉ ቶሎ ኑ፤ ጠላው እንዳይሆመጥጥ።»

ማክሰኞ በሚኒባስ ሄድን። መንገድ እንዳሳይ መምህር ይስሃቅ እኔንም አስከተሉኝ፤ አንድ ቲሸርት ተርፎ ስለ ነበር ለበስኩት። ሰፊ ነበር። የመጀመሪያውን ፎቶ ለመነሣት ከአሰላ መውጫ ላይ ቆምን፤ ሁለተኛውን ለመነሣት ዲክሲስ መግቢያ ላይ። ሦስተኛው ላይ ይዘነው የመጣነውን ባነር ነፋስ ወስዶት ሚፍታን በገብስ ማሳ ለማሳ አሯሯጠው። ስንደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር።

የእናቴ ማሳ ታጭዷል። አፋፉ ላይ ነዶው ተደርድሯል፤ አርባ የሚሆን ሰው ላቡን እየጠረገ በክምሩ ሥር ተቀምጧል። ከማሳው መካከል ግን አንድ ክፍል የምታህል ስንዴ ቆማለች። ኢብሳ ፈገግ ብሎ ወደ መምህሩ ቀረበ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። እናንተን እንዳናደክም ብለን ነው። ያቺ የእንግዶቹ ድርሻ ናት።»

መምህር ይስሃቅ ማሳውን አዩ፣ ድርሻቸውን አዩ፣ ማጭድ አያያዝ የተማሩ አሥራ ሁለት ተማሪዎቻቸውን አዩ። «ሥራ እንጀምር» አሉ ቀጥ ብለው። ጀመሩ። ሚፍታ ከአራት እጅ ሦስቱን ብቻውን አጨደ። ሮሐ መዳፏ ውኃ ቋጠረ፤ ግን አላቆመችም፤ ለዚህ አከብራታለሁ። ባነሩ በሁለት የባሕር ዛፎች መካከል ተሰቀለ፤ «ወጣቱ ለገጠሩ!» ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድርሻው አለቀ።

ከዚያ ምንጣፍ ተነጠፈ። በአንድ ወገን ኦቦ ሀሰኖ ያረዱት፣ በሌላው ወገን የእኛ። ጠላ፣ ለሙስሊሞቹ ቀሪቦ። በጎቹ የታሰሩበት ካስማ ላይ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ላይ ዓይኔ ቆየ። ጥር ሲመጣ ንፍሮ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ተማሪዎቹ በአንድ ጥግ በመደዳ ተቀምጠው ከቦርሳቸው ብስኩት አወጡ።

አርባው ሰው ትክ ብሎ አያቸው። የብስኩቱ ላስቲክ መንኮሻኮሽ ይሰማል። እናቴ ወጡን ትሪ ላይ ይዛ፣ አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፊታቸው ቆማለች። ሮሐ ተነሣች። ጎንበስ አለች። ፊቷ ቀልቷል።

«በጣም እናመሰግናለን እናቴ፤ ደንባችን ግን ምግብ መቀበል…»

የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ። ሣሩ ላይ እኔው ተናግሬዋለሁ። የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያ ቃል ከወጣ በጎቹም ሞተው፣ አባቴም ተዝካሩ ቀርቶበት፣ እናቴም ተዋርዳ ሊያድሩ ነው። ሻርፕ ፈለግኩ። ሻርፕ የለም፤ ሰፊ ቲሸርት ብቻ።

«ለእናንተ አይደለም የታረደው» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። መምህር ይስሃቅም ዞሩ። «ምን?»

«ለእናንተ አልታረደም። የአባቴ የሀብተ ማርያም የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። እናንተ የደረሳችሁበት ነው።»

እናቴ ትሪውን እንደ ያዘች አፍጥጣ አየችኝ። ከአጫጆቹ መካከል የደብራችን ቄስ አባ ገብረሥላሴ ነበሩ። ሰማዩን አዩ፣ ጣታቸውን ቆጠሩ፣ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ሰባት ዓመቱ ነው ለካ። ሁለት ወር ይጎድለው ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ሁለት ወር ምን አላት?» ከኪሳቸው የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ተነሡ። ሰውም ሁሉ ተነሣ። ኦቦ ሀሰኖ ቆባቸውን አስተካክለው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

መምህር ይስሃቅ መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጡት። «ስለ ተዝካር የሚል የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«መምህር፣ ተዝካር እምቢ አይባልም» አለ ሚፍታ። እጁን አስቀድሞ ታጥቧል።

አባቴ እንዲህ ሆኖ ነው የታሰበው፦ «ወጣቱ ለገጠሩ!» በሚል ባነር ሥር፣ አርባ አጫጅና አሥራ ሦስት ባለ ቲሸርት ከቦት፣ በራሱ ስንዴ ማሳ ላይ። አባ ገብረሥላሴ ስሙን ባነሡ ቁጥር ሮሐ ከሰው ጋር አንገቷን ትደፋለች። በላች። ሁለት ጊዜ ተጨመረላት። መመሪያ ቁጥር አራት ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ሙሉ አልተነሣም።

ሰው ሲበተን እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ዋሸህ» አለች።

«አዎ።»

«ስትናገር አባትህን መሰልክ» አለችና ቆየት ብላ፣ «እሱ እንኳ አይናገርም ነበር» አለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይህን ያህል ሰው ይመጣልኛል ብሎም አያውቅ።»

ሪፖርቱ በታኅሣሥ የኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጽጌረዳውን ሳጠጣ ቆሜ አነበብኩት። «የአንዲት አረጋዊት እናት ስንዴ በአንድ ቀን ታጭዶ ተከምሯል፤ የማኅበረሰቡ ተሳትፎም ከፍተኛ ነበር» ይላል። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሐሰት የሚባል አላገኘሁበትም። መምህር ይስሃቅ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። በሚመጣው ዓመትም እናቴ ዘንድ ለመሄድ እንደሚያስቡ ነገሩኝና እንድጠይቃት አዘዙኝ።

ደወልኩላት። ባነሩን ትተውት ስለ ሄዱ ክምሩን ከጤዛ አልብሳበታለች፤ ጥሩ ላስቲክ ነው አለች። ከዚያ የመምህሩን መልእክት ነገርኳት።

ትንሽ አሰበች።

«ደብዳቤውን ይላኩ» አለች። «እነሱ ግን ባይመጡም ይሁን።»